ሸውራራ አይገድልም

ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሚያገኘኝ ሁሉ «እንግዲህ አረፍሽ» ይለኛል። እጄስ አርፏል፤ ዓይኔ ግን ሥራውን አልተወም። ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች እናት ያቀፈችው ሕፃን በትከሻዋ ላይ ብቅ ብሎ ሲያየኝ፣ ሌላው ሰው ፈገግታውን ያያል፣ እኔ የዓይኖቹን አቅጣጫ አያለሁ። አንደኛው ወደ አፍንጫው ከዞረ ዝም ማለት አልችልም። የእናትየዋን ትከሻ ነካ አድርጌ እነግራታለሁ። አንዳንዷ አመስግናኝ ስልክ ቁጥሬን ትወስዳለች። አንዳንዷ ደግሞ የማታውቃት ሴት ስለ ልጇ ዓይን ማውራቷ ያስፈራትና፣ በነጠላዋ ሸፈን አድርጋው «ወራጅ» ትላለች። አልቀየማትም። በእኛ አገር የሰውን ልጅ ትኩር ብሎ ማየት መልካም ስም አያሰጥም።

እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚሁ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው። የአባቴ አያቶች ከሸዋ መጥተው አርሲ የቀሩ ናቸው። ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ሳላውቀው ለምጄው አደግሁ፤ ኋላ በሥራዬ ላይ ከዲፕሎማዬ ያላነሰ ጠቅሞኛል። ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ማዋለጃ ክፍል ነበር። ወደ ዓይን የገባሁትም ወድጄ አይደለም። አዲስ አበባ ሄዶ የሚሠለጥን ሰው ሲፈለግ ባለትዳሮቹ ሁሉ ልጅና ቤት አለን አሉ። እኔ ገና አላገባሁም ነበርና የነርሶቹ ኃላፊ ሜትሮኗ «ውብነሽ ትሂድ» አለች። ሄድኩ።

መጀመሪያ የተማርነው የዓይን ነርስነትን ነው፤ የዓይን ሞራ፣ ትራኮማ፣ ቁስል፣ የቀዶ ሕክምና እርዳታ። ከዚያ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ተመርጠን ኦርቶፕቲክስ የሚባለውን ተጨማሪ ትምህርት እንድንወስድ ተደረገ። ሁለቱ ዓይኖች እንዴት አንድ ላይ እንደሚያዩ፣ ለምን እንደሚጣሉ፣ ሕፃን ልጅ ሳለ እንዴት እንደሚታረቁ የሚያጠና ሙያ ነው። ቀዶ ሕክምና የለበትም። መሣሪያውም ብዙ አይደለም፤ ባትሪ፣ ብርሃን የሚያጥፉ ጥቂት የፕሪዝም መስታወቶች፣ የፊደል ሰሌዳ፣ መሸፈኛ። የቀረው ትዕግሥት ነው።

ያስተማሩኝ ጋሽ ከማል ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ነጭ ጋዋናቸውን ልጆች ፊት የማይለብሱ ሰው ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ቢሆንም ስለዚያ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ልጆች ብቻ ነው። ሕፃን ሲገባ ከወንበራቸው አይነሱም፣ ስሙንም አይጠሩም። አጎንብሰው አንድ ነገር የሚሠሩ መስለው በቅንድባቸው ሥር ያዩታል። ጭንቅላቱን ወደየት እንዳዘነበለ፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም የትኛውን ዓይን እንደሚጨፍን፣ የእናቱን እጅ በየትኛው ወገን እንደያዘ። «ልጁ በሩ ላይ ሳለ ግማሹ ምርመራ አልቋል» ይሉን ነበር። እኛ ደግሞ ወረቀታችን ላይ ስንጽፍ ልጁ ገብቶ ተቀምጧል።

ክረምት ላይ ሕፃን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ያሞቁታል። ጥቁሩን መሸፈኛ ማንኪያ ልጆች ስለሚፈሩት አይጠቀሙበትም፤ በአውራ ጣታቸው ነው የሚሸፍኑት፣ በቀረው መዳፋቸው የልጁን ግንባር የሚዳብሱ መስለው። ከዚያ ይጠብቃሉ። እኔን ያስቸገረኝ ይህ መጠበቅ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚያየው የተሸፈነውን ዓይን ነው። እሳቸው ያልተሸፈነውን እንድናይ ያደርጉን ነበር። አንዱ ሲሸፈን ሌላው ሽርተት ብሎ ቦታውን ካስተካከለ፣ ቀድሞ ሌላ ቦታ ነበረ ማለት ነው። እንቅስቃሴው የጤፍ ቅንጣት ታህል ልትሆን ትችላለች። እሷን ለማየት ብዙ ወር ፈጀብኝ። ለብዙ ጊዜ ያላየሁትን «አየሁ» እል ነበር፤ ጋሽ ከማልም ያውቁ ነበር፤ «እስቲ ድገሚው» ብቻ ይላሉ።

ገና ፊደል የማይቆጥር ሕፃን ሲሆን ደግሞ የሚያዳምጡት ለቅሶውን ነው። አንደኛው ዓይኑ ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ሌላኛው ሲሸፈን የሚጮህ ልጅ፣ የትኛው ዓይኑ እንደሚያይለት በራሱ አፍ ነግሮናል።

ከሁሉም አጥብቀው ያስተማሩን ግን ከወላጅ ጋር ስለመነጋገር ነው። ድምፃችን ከፍ ካለ ይቆጡን ነበር። ወላጅ የፈራ ዕለት ልጁን ይዞ ይጠፋል፣ ያፈረ ዕለትም እንደዚሁ ይሉ ነበር። ስለዚህ ክፉ ቃል ከአፋችን አይወጣም። «ይታወራል» አይባልም። «ካልመጣችሁ ይበላሻል» አይባልም። ቀስ ብሎ፣ ተስፋ ሰጥቶ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ መሸኘት ነው። እኔ ይህን ከእሳቸው እንዳለ ወረስኩት። እስከ ዛሬ ድረስ አሰላ ውስጥ ሲስተር ውብነሽ ተቆጥታ አታውቅም ይባላል።

ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ሆስፒታላችን አዲስ ሜዲካል ዳይሬክተር መጥቶለት ነበር። ሥራ ወዳድ፣ ንግግር የማያረዝም ሐኪም ነው። የተማርኩትን አስረድቼ ለልጆች የሚሆን አንድ ክፍል ስጠይቀው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና እንዲህ አለኝ።

«ሲስተር፣ ሸውራራ አይገድልም። ትራኮማው ደግሞ ሰው እያሳወረ ነው። መጀመሪያ እሱን እንጨርስ።»

ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም እንዲህ ያለው። ወደ ደጋው በወጣን ቁጥር ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚፍቅባቸው እናቶች ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር። እነሱን ትቶ ስለ ሸውራራ ማውራት እኔንም ያሳፍረኝ ነበር። ስለዚህ ዓመቱን በሙሉ ከዘመቻ ዘመቻ፣ ዛሬ ኢተያ፣ ነገ ዲክሲስ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ጤና ጣቢያ እየዞርኩ ሽፋሽፍት ሳስተካክል ኖርኩ። ደመወዙን አላነሳውም፤ ደመወዝ ብሎ ዝም ነው። ለልጆች የተሰጠኝ የሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ ክፍሉም አንሶላ ይከመርበት የነበረ፣ አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ቤት። እኔ ወደድኩት። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት ብርሃን ይሞላዋል።

ሐዋ የመጣችው በአንዱ ሐሙስ ነው። ዕድሜዋ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናል። ከዲክሲስ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አባቷ ይዘዋት መጡ። አባቷ ኦቦ ቃሲም ይባላሉ፤ ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ፣ ከእኔ በዕድሜ ከፍ የሚሉ፣ አማርኛቸውን ከኦሮምኛ ጋር እየቀላቀሉ የሚናገሩ ሰው። የሐዋ ቀኝ ዓይን ወደ አፍንጫዋ ዞሯል። የመጡት ለዚህ አልነበረም፤ ራሳቸው ዓይናቸውን አሟቸው ነው። ልጅቷን ያመጧት እናቷ አራስ ስለሆነች ቤት የሚይዛት ጠፍቶ ነው።

በአውራ ጣቴ ቀኟን ሸፈንኩ፤ ሐዋ ዝም አለች። ግራዋን ስሸፍን እጄን በሁለት እጇ ይዛ ታግላ አወረደችው። ቀኝ ዓይኗን ከፍቼ መርምሬ አየሁት፤ ደህና ነው። ብርሃን ይገባዋል፣ ጀርባው ንጹሕ ነው። ችግሩ ዞሮ በመኖሩ አንጎሏ እሱን መስማት ትቷል። ለኦቦ ቃሲም በሚያውቁት ነገር አስረዳኋቸው። አንዱ ብርቱ አንዱ ሰነፍ ሆነው የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን ያስቡ አልኳቸው። ብርቱው ሁሉንም ስለሚጎትት ሰነፉ እየባሰበት ይሄዳል። ብርቱውን በቀን ጥቂት ሰዓት ፈትተን ብናሳርፈው ሰነፉ ይገደዳል፤ እየበረታ ይመጣል። ይህ ግን በልጅነት ካልሆነ አይሆንም አልኳቸው። ኦቦ ቃሲም ብዙ አሰቡና ሰነፍ በሬ ብቻውን ሲያርስ ቦዩ ጠማማ ነው የሚሆነው አሉኝ። አዎ፣ መጀመሪያ ጠማማ ይሆናል አልኩ። ሳቁ። ተስማማን።

መነጽር ከአዲስ አበባ አስመጣንላት። የደህናውን ዓይኗን መሸፈኛ ከጎዝና ከፕላስተር እኔው እየቆረጥኩ ሰጠኋቸው። ተሸፍና ሳለች ዝም ብላ እንዳትቀመጥ፣ ከእናቷ ጋር ምስር እንድትለቅም ነገርኳቸው፤ ጋሽ ከማል ዶቃ ነበር የሚያስሰኩት፣ እኔ ዶቃ ከየት አመጣለሁ። አባትየው ቃላቸውን ጠበቁ። ገበያ ሲወጡ፣ ዝናብም ቢሆን፣ በጋሪም ሆነ በሚኒባስ ይዘዋት ይመጣሉ። መጀመሪያ በቀኝ ዓይኗ ጣቴን መቁጠር ያቃታት ልጅ ጥቂት ወራት ቆይታ ሰሌዳው ላይ ካሉት ምልክቶች ትልልቆቹን፣ ቀጥሎ መካከለኞቹን ማሳየት ጀመረች። ሌላ አንድ ዓመት ቢሰጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ማታ ቤቴ ሆኜ ሐዋ ሐዋ እያልኩ ለባለቤቴ አወራ ነበር፤ ያኔ አግብቻለሁ።

ትምህርት ቤት ስትገባ ነገሩ ተበላሸ። ልጆቹ አንድ ዓይና እያሉ ይከተሏት ጀመር። አንድ ቀን ተሸፍና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦይ ውስጥ ወድቃ ግንባሯ ተሰነጠቀ። መንደሩ ደግሞ ሌላ አወራ፤ የቃሲም ልጅ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ለዚህ ነው የሚሸፍኗት ተባለ። ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ማን ያገባታል ተባለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ኦቦ ቃሲም ብቻቸውን መጡ። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ሲስተር፣ ልጄ ታለቅሳለች። በየቀኑ ነው የምታለቅሰው። በደህናው ዓይኗ ታያለች አይደል? እንግዲህ ይብቃት።»

ያን ጊዜ ልላቸው የሚገባኝን ነገር አውቀው ነበር። አንድ ዓይን ብቻ ይዞ መኖር፣ በገብስ ጢምና በእንጨት ፍላጭ መካከል፣ ምን ማለት እንደሆነ በየዘመቻው አይቻለሁ። ግን አባትየው ፊታቸው ላይ ኀፍረትም ቁጣም አየሁ። እንዳስተማሩኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። እሺ ኦቦ ቃሲም፣ ለጊዜው ትረፍ፤ በመንፈቁ ትምህርት ሲዘጋ ይዘዋት ይምጡ፣ ቀስ ብለን እንቀጥላለን አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።

አልመጡም። እኔም በዚያው ሰሞን ለረጅም ዘመቻ ወደ ሌላ ወረዳ ተላክሁ። አንድ ሁለት ጊዜ በዲክሲስ ሳልፍ መኪናውን ላስቁመው ብዬ አስቤ ነበር። የሚጠብቀን ሰው ብዙ ነበር፤ አለፍን።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ። አለቆች ተቀያየሩ። አንዷ ሥራ አስኪያጅ ለሐሙሱ ክፍሌ አዲስ ሰሌዳና ፕሪዝም አስገዛችልኝ፤ ቀጥሎ የመጣው ሐሙሱን ቀነሰብኝ። በዚያ ጠባብ ቤት ዓይናቸው የተመለሰላቸው ልጆች አሉ። አንዷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ መንገድ ላይ ስታየኝ ትስመኛለች። ይህን የምለው ሁሉም ነገር ከንቱ ነበር እንዳይመስል ነው። ሰው ግን ሲያረጅ ከዳኑት ይልቅ የቀሩት ይበዙበታል።

ሐዋ ተመልሳ የመጣችው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ደጋው አጨዳ ላይ ነው። ኮምባይነር የማይገባበትን የማሳ ጥግ ቤተሰቡ በእጅ ያጭዳል። የገብስ ጢም ግራ ዓይኗን ወጋት፣ ደህናውን። መጀመሪያ ቀላል መስሏቸው ገበያ ላይ የሚሸጥ ጠብታ ገዝተው አደረጉላት። ያ ጠብታ መቅላቱን እያበረደ ቁስሉን የሚያሳድግ ዓይነት ነበር። ቅላቱ ሲጠፋ ዳነች ብለው ደስ አላቸው። ብዙም ሳይቆይ በብሌኗ ፊት ነጭ ነገር ወጣ።

አባቷን ወዲያው አወቅኋቸው። እሷን አላወቅኋትም። ረዥም፣ ሻሿን አሳምራ ያሰረች፣ እጇን አባቷ ትከሻ ላይ አድርጋ የምትራመድ ልጅ። ስሟን ስሰማ ወንበር ሳብኩላት። ግራ ዓይኗን በባትሪ አየሁት፤ ቁስሉ ጥርት ያለውን የብሌን ሽፋን በልቶ ጥልቅ ገብቷል። በዚያው ቀን መኪና ፈልገን ወደ አዲስ አበባ ላክናት። እዚያ ብዙ ታገሉላት። መድኃኒት ተሞከረ፣ ከሰው የተለገሰ ሽፋንም ተተከለላት፤ አልያዘላትም። ስትመለስ ግራ ዓይኗ ነጭ ሆኖ ነበር።

የቀራት ቀኙ ነው። ሐሙስ ዕለት አስቀምጬ ለካሁት። ልጅ ሳለች በመጨረሻ ካሳየችኝ መስመር ወደ ኋላ ተመልሳለች፤ ትልቁን ምልክት ብቻ ነው የምታየው፣ እሱንም ቀርባ። ትልቅ ሰው ደህና ዓይኑን ሲያጣ አንዳንዴ ሰነፉ ትንሽ ይነቃል። እሷም ነቃላት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመላለሰች ስንሠራ ሰው ፊት ለፊት ሲመጣ መለየት፣ የሱቅ ጽሑፍ ማንበብ ቻለች። ከዚያ ቆመ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ማንበብ ግን አልቻለችም። የክፍሏ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ትምህርቷን ተወች።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ አባቷ ውጭ ሲጠብቁ እኔና እሷ ብቻችንን ነበርን። መነጽሯን እየጠረግሁ ሳለ ድንገት ጠራችኝ።

«ሲስተር፣ አባቴን አይቆጡት። ያን መሸፈኛ ያስተውኩት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ አስቸገርኩት።»

አንቺ እኮ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ አልኳት። አዎ፣ ግን አስታውሳለሁ አለች። ከዚያ ትዝ የሚለኝ፣ ይህን የሰሙት አባቷ በሩ ጋ መጥተው ራሳቸውን ሲወቅሱ፣ እሷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ራሷን ስትወቅስ፣ እኔ ደግሞ መካከል ላይ መነጽር ይዤ መቆሜ ነው።

በዚያው ሳምንት ለጋሽ ከማል ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ልጃቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፣ አባትየው ሲመጡ ምን እንዳልኳቸውም አልደበቅሁም። ያስተባብሉልኛል ብዬ ነበር። ጥፋቱን ግን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። እሳቸው ሲያስተምሩ ያሰቡት የከተማ ወላጅ ነው፤ ዛሬ ከረፈደበት ነገ በታክሲ የሚመለስ። ለእሱ ለስላሳ ቃል ይበቃዋል። ተራራ ወርዶ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣ ሰው ግን ሌላ ቃል ሊያስተምሩኝ ይገባ ነበር አሉ። «አንድ ድምፅ ብቻ ሰጥቼ ላክሁሽ፣ ውብዬ» አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ አልቀለለኝም። የሚወዱት አስተማሪ ካስተማረው ጥሩ ነገር መካከል አንዱ አንዲትን ልጅ ለጉዳት እንደዳረገ መስማት አያቀልም። ከዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

የእኔም ጊዜ ደረሰ። የሽኝት ዝግጅት ተደረገልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ መልካም መልካም ንግግር ተደረገ። ለሐሙሱ ክፍል ተተኪ ይሆን ዘንድ ለአንዲት ወጣት ነርስ የማውቀውን ሳሳያት ቆይቼ ነበር። ጎበዝ ነበረች፣ ያልተሸፈነውን ዓይን የማየት ነገርም ከእኔ ፈጥኖ ገብቷታል። ብዙ ሳትቆይ የተሻለ ሥራ አግኝታ አዳማ ሄደች። አልፈርድባትም። ክፍሉ አሁን የዕቃ ግምጃ ቤት ሆኗል ብለውኛል። ሄጄ አላየሁትም።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት ኦቦ ቃሲም ናቸው። ሸብተዋል፣ ዱላ ይዘዋል። ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሴት አንዲት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ቆማለች። ጎረቤታቸው ናት። ልጅቷ አራት ዓመት ይሆናታል፤ ግራ ዓይኗ ዞሯል። ሆስፒታል ወስደዋት የልጅ ዓይን የሚያይ ሰው ስላላገኙ፣ ቤቴን ጠይቀው ጠይቀው ደረሱ።

ግቢው ውስጥ ዱካ አውጥቼ ልጅቷን አስቀመጥኳት። መሣሪያ የለኝም፤ አውራ ጣቴና የስልኬ መብራት ብቻ። ግራዋን ስሸፍን ዝም አለች። ቀኟን ስሸፍን ጮኸች። ለእናትየዋ ገና ተስፋ እንዳለ፣ እኔ ግን መነጽር የማዝበትም ሆነ የዓይኗን ውስጥ የማይበት ነገር እንደሌለኝ፣ ስለዚህ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባቸው ነገርኳት። ሴትዮዋ መሬት መሬት እያየች አጨዳው ይለፍና እናስብበታለን አለች፤ ባሏንም መጠየቅ አለባት። ልጅቷ እንደሆነ በአንዱ ታያለች አለች።

ያኔ ድምፄ እኔ በማላውቀው መንገድ ወጣ። በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት፣ እንዳይጠፋባት።

«አይደለም። ከአጨዳው በፊት ትሄጃለሽ። ካልሄድሽ ይህ ዓይን ይጠፋል፣ ማንም አይመልሰውም። ሌላው የተጎዳ ቀን ልጅሽ ዕውር ናት። ሰማሽኝ?»

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። ልጅቷም እናቷን አይታ አለቀሰች። በሥራ ዘመኔ በሙሉ እናት አስለቅሼ አላውቅም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ኦቦ ቃሲም በዱላቸው መሬቱን ነካ አደረጉና እንዳልናገር ከለከሉኝ። ለእናትየዋ ሰኞ ጧት መናኸሪያ ራሳቸው እንደሚያደርሷት፣ ባሏንም እሳቸው እንደሚያነጋግሩት ነገሯት። እሷ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ነገሩን እንደ ማንኛውም ነገር ነው ያሉት።

«እኔንም ያኔ እንዲህ ብትይኝ ኖሮ ሲስተር፣ እሰማሽ ነበር።»

አውቃለሁ አልኳቸው። ከዚያ ሁለታችንም እናትየዋን ጠበቅናት።

ሰኞ ሄዱ። ልጅቷ መነጽር ታዘዘላት፣ መሸፈኛም ተሰጣት። እንዳይተዉት ብዬ በየሳምንቱ ለኦቦ ቃሲም እደውላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ እያለቀሰች ትነቅለው ነበር አሉ፤ እናትየዋም ልቧ እየራራ ልትተወው ደርሳ ነበር። አሁን መሸፈኛው በሚደረግላት ሰዓት ሐዋ ከቤቷ ተነስታ፣ አጥሩን በእጇ እየዳበሰች፣ እነሱ ቤት ትሄዳለች። ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ ልጅቷን አቅፋ ትቀመጣለች። ልጅቷ ለመንቀል እጇን ስትሰነዝር እጇን ትይዝባታለች፤ ብታለቅስም አትለቃትም አሉኝ።